የሙያ ተሐድሶ

የሙያ ተሐድሶ ማለት በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት ከሥራ የራቀ ሰው ወደ ቀድሞ ሥራው እንዲመለስ፣ ወይም አቅሙ የሚፈቅደውን ሌላ ሥራ እንዲያገኝ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስለዚሁ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1983 ስምምነት ቁጥር 159ን አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃዋለች።

አሠራር

ሕክምና በሽታውን ይመለከታል፤ የሙያ ተሐድሶ ግን ሥራው ምን እንደሚጠይቅና ሠራተኛው ከዚያ ውስጥ የትኛውን ማከናወን እንደሚችል ይመረምራል። ለምሳሌ ወገቡ የተጎዳ የመጋዘን ሠራተኛ ከባድ ዕቃ ማንሣት ባይችልም የገቢና ወጪ ዕቃ መመዝገብ ይችል ይሆናል። ስለዚህ ወደ ሥራ ለመመለስ ሙሉ በሙሉ መዳን የግድ አይደለም። የሥራ ሰዓትን መቀነስ፣ ተግባርን መለወጥ፣ የሥራ ቦታን ለዊልቸር ማመቻቸት ወይም የስክሪን ንባብ ሶፍትዌር ማቅረብ ይቻላል። ይህ ተመጣጣኝ ማመቻቸት ይባላል።

የተለያዩ አገሮች ልምድ

በጀርመን ሠራተኛው ገና በሕመም ፈቃድ ላይ ሳለ በቀን ጥቂት ሰዓት መሥራት ይጀምራል፤ ሰዓቱም ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። ይህ አሠራር የሃምቡርግ ሞዴል በመባል ይታወቃል። በብሪታንያ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች በሕመም ወረቀት ላይ «ማስተካከያ ከተደረገለት ሊሠራ ይችላል» የሚል አስተያየት መስጠት ይችላሉ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ደግሞ በአሜሪካ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌላ ዘዴ ተዘጋጀ። በዚህ ዘዴ ረጅም ሥልጠና አይቀድምም፤ መጀመሪያ መደበኛ ሥራ ይፈለጋል፣ ድጋፉም በሥራው ላይ ይቀጥላል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ይህ ዘዴ ከቀድሞው ይልቅ ብዙ ሰዎችን ለሥራ እንዳበቃ አሳይተዋል።

በኢትዮጵያ

አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኞችን በሥራ ላይ ማግለልን ይከለክላል፤ አሠሪውም ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ያስገድዳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ምክንያት ላልመጣ ሕመም የሚሰጠው ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ ደመወዝ ይከፈልበታል፤ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ ነው።

የጊዜ አስፈላጊነት

ከሥራ የመራቂያው ጊዜ በረዘመ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል። ልምድ ይደበዝዛል፣ በራስ መተማመን ይቀንሳል፣ በቦታውም ሌላ ሰው ሊቀጠር ይችላል። በኢትዮጵያ ሕግ ደመወዙ ከ3 ወር በኋላ ስለሚቋረጥ፣ አሠሪና ሠራተኛ ስለ ማስተካከያው መነጋገር ያለባቸው ፈቃዱ ሲያልቅ ሳይሆን ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።