በጉልምስና ወደ ጤና ሙያ፦ ናይሮቢ ላይ የሚወራውና እውነታው

ናይሮቢ ውስጥ፣ ከኢስሊ እስከ ሁርሊንግሃም፣ ሥራ መለወጥ የሚያስብ ጎልማሳ ምክር አያጣም። ሱቁ የቀዘቀዘበት፣ ሆቴል ውስጥ ሃያ ዓመት ቆሞ የዋለ፣ ልጆቿን አሳድጋ አሁን ለራሷ ማሰብ የጀመረች ሁሉ «ጤና ግቡ፤ በሽታ እስካለ ሥራ አይጠፋም» ይባላሉ። ከአጠገባቸው ደግሞ «በዚህ ዕድሜ? ይልቅ አርፋችሁ ተቀመጡ» የሚል አለ። ሁለቱም ወሬ ሰው ይጎዳል። አንደኛው ገንዘብ ያስበላል፣ ሌላው ክፍት የሆነውን በር ዝግ ያስመስላል።

«ዕድሜ አልፏል» ከሚለው ልጀምር፤ ብዙ ሰው ቤቱ ያስቀረው እሱ ነውና። በኬንያ ትልቁ የጤና ማሠልጠኛ የኬንያ ሜዲካል ትሬኒንግ ኮሌጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 የተቋቋመ የመንግሥት ኮሌጅ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዋናው ግቢ ከኬንያታ ናሽናል ሆስፒታል ጎን ነው፤ በመላ አገሪቱ ከ70 በላይ ካምፓሶች አሉት። ለነርስነት ዲፕሎማ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ውጤትን ነው፦ አማካይ ሲ፣ በተለይም በባዮሎጂና በእንግሊዝኛ ወይም በኪስዋሂሊ ጥሩ ነጥብ። ስለዚህ የአርባ ዓመቱን ሰው የሚያስቆመው ዕድሜው ሳይሆን ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት የተቀመጠበት ፈተና ነው። ይህ ደግሞ ሊታከም የሚችል ችግር ነው። ኬንያ ውስጥ ጎልማሶች በግል ተፈታኝነት ተመዝግበው በየዓመቱ ይፈተናሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ባዮሎጂን እንደገና ከፍቶ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ግን ሕጋዊ መንገድ ነው።

ዕድሜ ቁም ነገር የሚሆነው ስሌቱ ላይ ነው። የነርስ ዲፕሎማ ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ይፈጃል። ክሊኒካል ኦፊሰር፣ በእኛ በኢትዮጵያ ለጤና መኮንን የሚቀርበው ማለት ነው፣ ሦስት ዓመት ተምሮ አንድ ዓመት በኢንተርንነት ይሠራል። ሐኪምነት ስድስት ዓመት ትምህርትና አንድ ዓመት ኢንተርንነት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። በ42 ዓመቷ ነርስነት የጀመረች ሴት በ46 ብትመረቅ 14 የሥራ ዓመት ከፊቷ አለ፤ ይህ ትንሽ አይደለም። በ45 ዓመቱ ሐኪም ለመሆን የሚነሳ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ግን ሥራ ሲጀምር 52 ይሞላዋል። ያንን መንገድ ለማንም አልመክርም። ነርስነትን፣ ላብራቶሪን፣ ፊዚዮቴራፒን፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገናን፣ የጤና መረጃ አያያዝን ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ብዙ ሰው ረስቷቸዋል። ኤሌክትሪክ ወይም ሒሳብ ሲሠራ የኖረ ሰው የለመደውን ይዞ የሚገባባቸው ሙያዎች ናቸው።

ልምድን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ወሬዎች አሉ። አንደኛው «ሆስፒታል ሠርተህ የማታውቅ ማን ይቀበልሃል?» የሚል ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ኮሌጅ የሚገባው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅም ሠርቶ አያውቅም፣ ልምዱ የሚገኘው በሥልጠናው ውስጥ ካለው የሆስፒታል ልምምድ ነው። ሁለተኛው ወሬ ይብስ ያሳስበኛል፦ «እናትህን አስታምመሃል፣ ደግ ነህ፣ ይበቃሃል» ይላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የማሚቱ ጋሼን ታሪክ ነው። ማሚቱ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በወሊድ ጉዳት በሚመጣው ፊስቱላ ታማ አዲስ አበባ ወደ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ሐኪም ባለቤቷ ዘንድ የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ድና እዚያው ቀረች፣ አልጋ ከማንጠፍ ተነስታ ቀዶ ሕክምና ተማረች፤ በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጅንስ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። ይህን ታሪክ በኩራት እናገረዋለሁ። ግን ማሚቱ እዚያ የደረሰችው በሁለት ታላላቅ ሐኪሞች እጅ ስር ለዓመታት ተኮትኩታ ነው። በዛሬዪቱ ኬንያ ያ በር ክፍት አይደለም፤ ያለ ምዝገባ በነርስነት መሥራት በሕግ ያስጠይቃል። አስታምሞ የኖረ ሰው ትዕግሥቱና አነጋገሩ ታማሚው አጠገብ ሲቆም ዋጋ አለው። ለቅበላ ግን አይቆጠርለትም።

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ወሬ «የጥቂት ወር ኮርስ ወስደህ ነርስ ትሆናለህ» የሚለው ነው። ከተማዋ የኬርጊቨር (የተንከባካቢ) እና የነርስ ረዳት ኮርስ በሚሰጡ ቤቶች ተሞልታለች። ኮርሱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ አረጋዊን ማንሳት፣ ማጠብ፣ የአልጋ ቁስልን መከላከል መማር ክቡር ነገር ነው፣ በቤት ውስጥ እንክብካቤም ያስቀጥራል። ችግሩ የሚሰጠው ወረቀት ነርስ አለማድረጉ ነው። ነርስ ለመሆን ትምህርት ቤቱ በኬንያ ነርሶች ካውንስል የጸደቀ መሆን አለበት። ተማሪው ገና ሲጀምር ካውንስሉ ዘንድ ተመዝግቦ ቁጥር ያገኛል፤ ሲጨርስ የካውንስሉን የፈቃድ ፈተና ይወስዳል፤ ከዚያም ፈቃዱን እያደሰ ይሠራል። ትምህርት ቤቱ የተማሪ መመዝገቢያ ቁጥር ሊያስገኝ የማይችል ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የቱንም ያህል ሥዕልና ማኅተም ቢለጠፍ፣ የነርስ ትምህርት ቤት አይደለም። ትምህርት ቤቱ የጸደቀ መሆኑ ከመክፈል በፊት ካውንስሉ ዘንድ ይጠየቅ። ይህን የምጽፈው የዕቁብ ገንዘባቸውን ይዘው ለሚሄዱ ሰዎች ነው።

«በጤና ሥራ አይጠፋም» የሚለውስ? እጥረት መኖሩ እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2030 ዓለም ከ10 ሚሊዮን በላይ የጤና ባለሙያ እንደሚጎድላት ይተነብያል። ሆኖም የሰው እጥረት ያለበት አገር ሁሉ ለደመወዝ የሚመድበው በጀት አለው ማለት አይደለም። ኬንያ ውስጥ ጤናን የሚያስተዳድሩት 47ቱ ካውንቲዎች ናቸው፤ ገንዘብ ሲያጥራቸው አይቀጥሩም። ኬንያ በሐምሌ 2021 ከብሪታንያ ጋር የተዋዋለችው ሥራ ያላገኙ ነርሶቿን ለመላክ ነው፤ ሠልጥነው የተቀመጡ መኖራቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በ2024 ሐኪሞች ለ56 ቀናት ሥራ ያቆሙበት ዋና ምክንያት የኢንተርን ሐኪሞች ክፍያ ነበር፦ በ2017 ስምምነት የተቀመጠው ወደ 206 ሺህ ሺሊንግ ሲሆን መንግሥት 70 ሺህ እከፍላለሁ አለ። በመስከረም 2023 ደግሞ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ወደ 100 ሺህ የሚሆኑ የማኅበረሰብ ጤና አስተዋዋቂዎችን በኡሁሩ ፓርክ አሰማሩ። የደም ግፊትና የስኳር መለኪያ ይዘው ቤት ለቤት የሚሄዱት እነዚህ ሰዎች የቀድሞ የጤና ሥልጠና አልተጠየቁም፣ ብዙዎቹም ጎልማሳ ሴቶች ናቸው። ትልቅ ሥራ ይሠራሉ፤ የሚያገኙት ግን በወር 5 ሺህ ሺሊንግ ድጎማ ነው። ደመወዝ ብሎ ቤት ኪራይ ሊያስብበት የሚነሳ ካለ ቀድሞ ይወቀው።

«ብቻ ልጨርስ እንጂ ውጭ እሄዳለሁ» የሚለው ተስፋ ከሁሉም ፈጥኖ ይለዋወጣል። ከብሪታንያው ውል በኋላ በ2022 የሄደው የመጀመሪያው ቡድን 19 ነርሶች ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የያኔው የጤና ሚኒስትር ሙታሂ ካግዌ ለእንግሊዝኛ ፈተና ከተቀመጡት 300 ነርሶች ያለፉት 10 ብቻ መሆናቸውን ተናግረው ነበር። ብሪታንያ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ኬርጊቨሮች ቤተሰብ ይዘው እንዳይገቡ ከለከለች፤ በሐምሌ 2025 ደግሞ ከውጭ አገር አዲስ ኬርጊቨር መቅጠርን ዘጋች። ዛሬም በዚያ ቪዛ ስም ኮርስ የሚሸጥ ካለ የተዘጋ በር እየሸጠ ነው። ጀርመንና ኬንያ በመስከረም 2024 በበርሊን ሲፈራረሙ «250 ሺህ ሥራ» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ፤ የጀርመን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ወዲያው ሐሰት ነው፣ ውሉ ምንም ቁጥር የለበትም አለ። ጀርመን ደመወዝ እየከፈለች የምትሰጠው የሦስት ዓመት የነርስ ሥልጠና በእርግጥ አለ። ቁልፉ ግን ቢ1 ወይም ቢ2 ደረጃ ጀርመንኛ ነው፤ እሱ በጎልማሳ ጭንቅላትም ይገባል፣ በሁለት ወር ግን አይገባም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች ሐበሻ እዚህ ለመቀጠር የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ ለስደተኛ የመሥራት መብት ቢሰጥም፣ በተግባር እሱም ፈቃድ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ የማትሪክ ውጤትን ከአገር ቤት አስመጥቶ በኬንያ ብሔራዊ ፈተናዎች ምክር ቤት አቻ ግመታ ማሠራት፣ ቀጥሎ የሚፈለገው ሙያ ካውንስል ዘንድ ሄዶ የውጭ ዜጋ ምን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ማግኘት፣ ከዚያ የሥራ ፈቃዱን ማጣራት። የትምህርት ቤት ክፍያ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።