የአያት ዘርና የከበሮ ችሎት

ሦስት ሱሶች አሉብኝ፦ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ፊልም፣ ጤና መጠበቅና ፖለቲካ። ወዳጆቼ የመጀመሪያውን እንደ ልጅነት፣ ሁለተኛውን እንደ እርጅና፣ ሦስተኛውን እንደ በሽታ ይቆጥሩብኛል። እኔ ግን ሦስቱንም በአንድ ጊዜ አስኬዳቸዋለሁ።

የጤናው ነገር አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ የቀን ጨውም ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፤ ከቦታው የማይነቃነቀውን የስፖርት ብስክሌት ካልነዳሁ ፊልም የለም። አንዱ ክፍል ወደ 45 ደቂቃ ስለሚሆን በሳምንት አራት ክፍል 180 ደቂቃ ይሞላል። (ስለ ሽሮው ጨው ከባለቤቴ ጋር ገና ድርድር ላይ ነን።)

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1994 የተላለፈ የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነው። ከክፍሎቹ አንዱ፣ በ1991 የታየው «ዘ ድራምሄድ»፣ ለማንኛውም የሕግ ተማሪ የምመክረው ነው። ስሙ በጦር ሜዳ ከበሮን እንደ ጠረጴዛ ተጠቅሞ እዚያው ፈርዶ እዚያው ከሚቀጣው ወታደራዊ ችሎት የመጣ ነው።

በጠፈር መርከቧ ሞተር ክፍል ፍንዳታ ይደርሳል። ከጡረታ የተጠራች አድሚራል (የታዋቂ ዳኛ ልጅ ናት) ለምርመራ ትመጣለች። አንድ እውነተኛ ሰላይ ይያዛል። ቀጥሎ ፍንዳታው በዕቃ ጉድለት የደረሰ አደጋ መሆኑ ይረጋገጣል። ፋይሉ መዘጋት ነበረበት፤ አልተዘጋም። ምርመራው አንድ ወጣት የሕክምና ባልደረባ ላይ ያነጣጥራል። በሕዝብ ፊት አቁመው፣ ሐሰት መሆኑን እያወቁ፣ በፍንዳታው ይወነጅሉታል። ከዚያ የአባቱ አባት ከጠላት ወገን መሆኑን ደብቀሃል ይሉታል። ልጁ የመናገር ግዴታ የለብኝም ብሎ ዝም ይላል። ዝምታው ራሱ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠርበታል። የተከራከረለት የመርከቧ አዛዥም ተራው ደርሶት ተከሳሽ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ፔዳሉን ማቆሜ አይቀርም። በኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት ያለመናገር መብት አንቀጽ 19 ላይ፣ ንፁህ ሆኖ የመገመት መብት አንቀጽ 20 ላይ፣ እኩልነት ደግሞ አንቀጽ 25 ላይ ይገኛሉ። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ የማይነኩትን ሲዘረዝር 25ን አስገብቷል፤ 19ንና 20ን ግን አላስገባም። አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በ2009፣ 2010፣ 2012፣ 2013፣ 2014 እና 2015 ዓ.ም. ታውጇል፤ አንዳንዱ በመላ አገሪቱ፣ አንዳንዱ በክልል ተወስኖ፣ የ2012ቱ ለወረርሽኝ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሰው በዘሩ ምክንያት እንዳይጠቃ እኩልነቱ ታጥሮለት፣ ዝም የማለትና ፍርድ ቤት ቶሎ የመቅረብ መብቱ ግን ከታገደ፣ የተያዘው በዘሩ ይሁን በጥፋቱ ማን ያውቃል? በፊልሙ የወጣቱን አያት ጉዳይ ያደረጉት የሥርዓቱ አጥር ከፈረሰ በኋላ ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንድ ቀዳዳ ትቷል። በዚያው አንቀጽ 93 የሚቋቋመው መርማሪ ቦርድ በአዋጁ የታሰሩትን ሰዎች ስም በአንድ ወር ውስጥ ከታሰሩበት ምክንያት ጋር ይፋ ማድረግ አለበት። አዋጅ በታወጀ ቁጥር እኔ የምፈልገው ያንን ዝርዝር ነው፤ በተለይ የምክንያቱን ዓምድ፤ «አያቱ» ተብሎ ሊጻፍበት የማይችለውን።