የአገር አርበኛና የውጭ ተዋጊ

አንድ አገር በባዕድ ጦር በተያዘ ጊዜ በምድሩ ላይ የሚዋጉት ሁሉ ከአንድ ወገን የመጡ አይደሉም። ከነዋሪው ሕዝብ መካከል ወጥቶ በገዛ መሬቱ ወራሪን የሚቃወም አርበኛ ይባላል። ከሌላ አገር መጥቶ ጠመንጃ የሚያነሣው ደግሞ የውጭ ተዋጊ ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱ ልዩነት በትውልድ ብቻ የሚለካ ነውን? ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሆነው ነገር ለዚህ ጥያቄ ማብራሪያ ይሰጣል።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከሊቢያ የተመለመሉ የቅኝ ግዛት ወታደሮችን አሰልፎ ነበር። ከአገሬውም ለጠላት ያደሩ፣ ሕዝቡ «ባንዳ» ብሎ የጠራቸው ነበሩ። በአንጻሩ የኢጣሊያን ጦር ከድተው ከአርበኞች ጋር የተሰለፉ ኤርትራውያን ነበሩ። እንግዲህ ሰውን አርበኛ ወይም ባንዳ የሚያሰኘው የተወለደበት ስፍራ ሳይሆን የቆመለት ዓላማ ነው።

አርበኛው ስንቁን ከገበሬው፣ መሣሪያውን ብዙ ጊዜ ከጠላት ያገኛል። ዱሩንና ገደሉን ያውቃል፤ ነገር ግን ስለ እርሱ ቤተሰቡ ይቀጣል፣ መንደሩ ይቃጠላል። ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ሲዋጉ ቆይተው በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በቡታጅራ አጠገብ ተይዘው ተገደሉ። ትግሉ ግን አልቆመም። አበበ አረጋይ፣ ገረሱ ዱኪ፣ እንዲሁም በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ዱር የገቡት ጃገማ ኬሎ በሸዋ ምድር ቀጠሉበት።

የውጭው ረዳት የመጣው ኢጣሊያ በሰኔ ወር 1932 ዓ.ም. በብሪታንያ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ ነው። ሱዳናውያን ወታደሮች በጎጃም በኩል ገቡ። ከኬንያ የተነሣው፣ የደቡብ አፍሪካ፣ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ያሉበት ጦርም አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማ በኩል አልፎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። በግንቦት ወር ደግሞ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ተዋግቶ ሻሸመኔን ያዘ። ይህ ጦር መድፍ፣ መኪናና አውሮፕላን ነበረው፤ ትእዛዙ ግን ከለንደን ይመጣ ነበር።

ታዲያ ድሉ የማን ነው? የውጭው ጦር ባይመጣ ነፃነቱ በዘገየ ነበር። አርበኛው ጠላትን በየምሽጉ አስሮ ባያቆየው ደግሞ የውጭው ጦር መንገድ እጅግ በከበደ ነበር። ጥያቄው ግን ከምስጋና ያለፈ ነው። ከድሉ በኋላ የብሪታንያ ሹማምንት ኢትዮጵያን ከጠላት እንደ ተያዘ አገር ለማስተዳደር ሞክረዋል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ሥልጣን በስምምነት የታወቀው በጥር ወር 1934 ዓ.ም. ነው። ሕዝብ ስለ ነፃነቱ መታገሉ ከተረሳ፣ አገሩ በስጦታ የተመለሰለት ይመስላል። ረዳት ያግዛል እንጂ ባለቤትን አይተካም።

መልመጃ
1. «አርበኛ»፣ «ባንዳ» እና «ረዳት» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር አስገቡ።
2. በምንባቡ ውስጥ «ባይመጣ … በዘገየ ነበር» የሚለውን አነጋገር የመሰለ ሌላ ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ ጻፉ።
3. የምንባቡን ዋና ሐሳብ በአንድ አንቀጽ አሳጥራችሁ ጻፉ።