ማርሹን በራሱ የሚለውጥ ባለ አራት ሲሊንደር ፒክአፕ መኪና በዳገትና በቁልቁለት ስለሚያሳየው ጠባይ

ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የከብት መድኃኒት ወደ ገጠር የሚደርሰው፣ የእርሻ ባለሙያዎችም ጕብኝት የሚፈጸመው በብዙ ስፍራ በፒክአፕ መኪና ነው። ከነዚህም መኪናዎች መካከል ነጂው ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ማርሻቸውን በራሳቸው የሚለውጡ አሉ። በእነዚህ መኪናዎች የሚሄደውን ሹም ወይም ባለ እርሻ ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው ነገር አለ፤ ይኸውም ዳገት ሲጀመር ሞተሩ ባንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ መጮኹ ነው። ያን ጊዜ አንዱ መኪናው ታመመ ብሎ ወደ ጋራዥ ይልካል፤ ሌላው ነጂውን ይቈጣል፤ ሌላው ደግሞ ጩኸቱን በመጥላት በቁልቁለት ላይ ዝቅተኛ ማርሽ እንዳይያዝ ይከለክላል። የመጀመሪያው ስሕተት ገንዘብ ያስጠፋል፤ የመጨረሻው ግን ነፍስ ያስጠፋል። ስለዚህ መኪናው ማርሹን የሚለውጥበትን ምክንያት፣ ደኅናውንም ጠባይ ከሕመሙ ለይቶ ማወቂያውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1ኛ፤ ማርሽ ስለሚያስፈልግበት ምክንያት።

በቅሎ በሜዳ ላይ እርምጃዋን አስረዝማ ትሄዳለች፤ ዳገት ሲደርስባት ግን እርምጃዋን አሳጥራ ቶሎ ቶሎ ትረግጣለች። ይህን ማድረጓ ስለ ደከመች አይደለም፤ ኀይሏን ለጭነቱ እንዲበቃ አድርጋ ስለምታከፋፍል ነው እንጂ። የመኪና ማርሽም ሥራው ይኸው ነው። በአንዳንድ ባለ አራት ማርሽ ሳጥኖች ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ 2.8 ጊዜ ያህል ሲዞር ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በሁለተኛው 1.5፣ በሦስተኛው 1፣ በአራተኛው 0.7 ያህል ነው። እንግዲህ መኪናው በአራተኛ ማርሽ ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ይዞር እንደ ሆነ፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ወደ ሦስተኛ ቢወርድ ዙሩ ወደ 2,800፣ ወደ ሁለተኛም ቢወርድ ወደ 4,300 ያህል ይደርሳል። የሚሰማው ጩኸት ይህ ነው፤ እርምጃን ማሳጠር ነው እንጂ ሕመም አይደለም።

2ኛ፤ ማርሹ በራሱ ስለሚለወጥበት አኳኋን።

በነዚህ መኪናዎች በፍሪሲዮን ፈንታ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል ዘይት የሞላበት ድፍን ዕቃ አለ። በውስጡ ክንፍ ያላቸው መዘውሮች ፊት ለፊት ተጋጥመው ይገኛሉ፤ አንዱ በሞተሩ ኀይል ሲዞር ዘይቱን ወደ ሁለተኛው ይገፋል፤ ሁለተኛውም በዘይቱ ግፊት ተነሥቶ የማርሹን ሳጥን ያዞራል። ኀይልን በፈሳሽ የማስተላለፍን ዘዴ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሔርማን ፌቲንገር እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል፤ ማርሹን በራሱ የሚለውጥ ሳጥን በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው ደግሞ በአሜሪካ አገር ለ1940 በተዘጋጁት የኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ ነው።

ሳጥኑ ማርሽ ለመለወጥ ሁለት ነገሮችን ያመዛዝናል፤ እነርሱም የመኪናው ፍጥነትና ነጂው ነዳጅ መስጫውን የረገጠበት መጠን ናቸው። በቀድሞዎቹ ሳጥኖች ይህን የሚፈርዱት ሁለት የዘይት ግፊቶች ነበሩ፤ አንዱ ከፍጥነት የሚመጣ፣ አንዱም ከነዳጅ መስጫው የሚመጣ ሲሆን በአንድ ቫልቭ ላይ ከወዲያና ከወዲህ ይገፋሉ፤ ያሸነፈውም ማርሹን ይወስናል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ፍርዱን የሚሰጠው ኮምፒዩተር ነው። መሠረቱ አልተለወጠም፤ ፍጥነቱ ሲያይል ማርሹ ይጨምራል፤ እግሩ ሲጠነክር ማርሹ ይቀንሳል። ነጂው መስጫውን እስከ ወለሉ ቢረግጠው ሳጥኑ ወዲያው አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ወርዶ ኀይል ይሰጠዋል።

3ኛ፤ ስለ አራት ሲሊንደር ሞተርና ስለ ደጋው አየር።

አራት ሲሊንደር ያለው ቤንዚን የሚጠጣ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብዙ አይጐትትም። ለምሳሌ 2.7 ሊትር የሆነው የቶዮታ ሃይሉክስ ቤንዚን ሞተር የመጐተት ኀይሉ ከፍ የሚለው በደቂቃ 4,000 ዙር አጠገብ ነው፤ ባለ ቱርቦው 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ግን ከ1,600 ዙር ጀምሮ በሙሉ ኀይሉ ይጐትታል። ስለዚህ በአንድ ዳገት ላይ የቤንዚኑ ሁለት ማርሽ ወርዶ ሲጮኽ የናፍጣው በያዘው ማርሽ ጸጥ ብሎ ቢወጣ፣ አንዱ የታመመ ሌላውም የተሻለ ነው ተብሎ ሊፈረድ አይገባም።

በዚህም ላይ የአገራችን ከፍታ ይጨመርበታል። እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለውም ሞተር የሚተነፍሰው አየር ስለሚቀንስበት ከኀይሉ ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ እጅ ያጣል። ነጂውም የጐደለውን ለመሙላት መስጫውን አጥብቆ ይረግጣል፤ ሳጥኑም ይህን አይቶ ማርሽ ይቀንሳል። በለዘብተኛ ዳገት ላይ ደግሞ ወደ ሦስተኛ ወርዶ ፍጥነት ሲያገኝ ወደ አራተኛ ይመለሳል፤ ኀይል ሲያንሰው እንደገና ይወርዳል። ይህ መመላለስ ዘይቱን ያሞቀዋል፣ የሚይዙትንም ሸክላዎች ያስበላቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ኦቨርድራይቭ የሚባለውን ቍልፍ አጥፍቶ ወይም ካምቢዮውን ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ስቦ፣ ዳገቱ እስኪያልቅ በአንድ ማርሽ መውጣት ነው።

4ኛ፤ ስለ ቁልቁለት።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። ነጂው ቁልቁለት ሲጀምር እግሩን ከመስጫው ያነሣል፤ ሳጥኑም እግሩ መነሣቱንና ፍጥነቱ መጨመሩን ብቻ አይቶ ወደ ከፍተኛ ማርሽ ይወጣል። ያን ጊዜ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ይተዋል፤ ሸክሙም ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ያዘቀዝቃል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ጭነት የያዘ መኪና በፍሬን ብቻ ቢወርድ ሸራው ይግላል፤ ሲግልም መያዝ ያቅተዋል፤ የፍሬኑም ዘይት ከፈላ መርገጫው እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከዚያ በኋላ ነጂውን መቈጣት አይጠቅምም።

አንዳንድ አዳዲስ መኪናዎች ፍሬን ሲረገጥ ቁልቁለቱን ተረድተው ራሳቸው ማርሽ ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ መታመን አይገባም። ደንቡ፣ ያንኑ መንገድ ሽቅብ ለመውጣት የሚያስፈልገውን ማርሽ ቁልቁል ለመውረድም መያዝ ነው። ነጂው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ፍጥነቱን ቀንሶ ካምቢዮውን ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ያድርግ፤ ፍሬኑንም ዘወትር ከመርገጥ ይልቅ በየጊዜው አጥብቆ ረግጦ ይልቀቅ። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ካምቢዮውን በኤን አድርጎ መውረድ ፈጽሞ የተከለከለ መሆን አለበት።

5ኛ፤ ሕመሙ ስለሚታወቅበት ምልክት።

ሞተሩ ሲጮኽ መኪናው ኀይል የሚያገኝ ከሆነ ደኅና ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይጐትት ከሆነ ግን ሸክላው ይንሸራተታል ማለት ነው። ካምቢዮው በዲ ወይም በአር ከገባ በኋላ መኪናው ለመነሣት ብዙ ቢዘገይ፣ ማርሹ ሲለወጥ እንደ ምት አጥብቆ ቢያናጋ፣ የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ በአንድ ማርሽ ብቻ ቢቀር፣ ዘይቱም ጠቍሮ የመቃጠል ሽታ ቢኖረው፣ ቶሎ ለባለሙያ መታየት አለበት። በነዚህ ምልክቶች እየተነዳ የቀጠለ ሳጥን በጥቂት ወጪ ሊድን ሲችል በሙሉ ይበላሻል።

6ኛ፤ ስለ አጠባበቁ።

የሳጥኑ ጠላት ሙቀት ነው። በጭቃ የተያዘ መኪና መስጫውን እየረገጡ ለረጅም ጊዜ ጎማውን ማሽከርከር ዘይቱን በጥቂት ደቂቃ ያቃጥለዋልና፣ በአካፋ መቆፈርና ድንጋይ መደልደል ይሻላል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው። ሞተሩ የጠፋን መኪና የሚያሽከረክሩት ጎማዎች መሬት ነክተው በሩቅ መንገድ መጐተት አይገባም፤ ሞተሩ ካልዞረ ሳጥኑን የሚያለሰልሰው ዘይት አይረጭምና። እንዲህ ያለ መኪና ባትሪው ቢሞት ሰው ገፍቶ ሊያስነሣው አይችልም። የዘይቱም ልክ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ይታያል፤ መለኪያ ዘንግ የሌለው ከሆነ ግን በጋራዥ ይታይ።

ስለ ጭነቱም፣ ሁለት ጋቢና ያለው ፒክአፕ ልኩ ብዙ ጊዜ ከ10 ኩንታል ያንሳል፤ በውስጡ የተቀመጡትም ሰዎች ከዚሁ ልክ ይቈጠራሉ። ልኩን ከመኪናው መጽሐፍ አንብቦ ለነጂውና ለመጋዘን ጠባቂው በጽሑፍ መስጠት የሹሙ ሥራ ነው።

እንግዲህ ሹም ሆነ ባለ እርሻ፣ በመኪናው ውስጥ ሳለ ሞተሩ በዳገት ቢጮኽ ይታገሥ፤ በቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ቢጮኽ ነጂውን ያመስግን፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ፍሬኑ ብቻ ሲሠራ የሰማ እንደ ሆነ ግን መኪናው እንዲቆምና ፍሬኑ እንዲቀዘቅዝ ይዘዝ። በዚያ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ነው፤ የሚድነው ግን ነጂውና ከኋላ የተጫነው የገበሬው ዘር ነው።