የእሽግ መጠንና ክብደት በዓለም አቀፍ የመላኪያ ዋጋ ላይ ያላቸው ተፅዕኖ

ወደ ውጭ አገር ዕቃ የሚልኩም ሆነ ከውጭ የሚቀበሉ ዜጎች በሚዛን አራት ኪሎ ግራም የሆነ እሽግ የሠላሳ ኪሎ ግራም ሂሳብ ሲጠየቅበት ሊደናገሩ ይችላሉ። ይህ የሚሆነው የአየር ማጓጓዣ ድርጅቶች ዋጋ የሚተምኑት ዕቃው በሚመዝነው ልክ ብቻ ሳይሆን በሚይዘው ቦታ ልክም ጭምር በመሆኑ ነው። የዕቃውን ክብደት ላኪው መቀነስ ባይችልም፣ የካርቶኑን መጠን መወሰን ግን በአብዛኛው በእጁ ነው። ተገልጋዮች አሠራሩን አስቀድመው ተረድተው አላስፈላጊ ወጪን እንዲያስቀሩ የስሌቱ መነሻና አተገባበር ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ቦታ ለምን ዋጋ ያስከፍላል?

አንድ አውሮፕላን ሊሸከመው የሚችለው ክብደት ውስን እንደሆነ ሁሉ የጭነት ክፍሉ ስፋትም ውስን ነው። ክፍሉ በብረት ቢሞላ የክብደት ጣሪያው ቦታው ሳያልቅ ይደርሳል። በስፖንጅ ወይም በጥጥ ቢሞላ ደግሞ አውሮፕላኑ ገና ቀላል ሳለ ቦታው ያልቃል። በክብደት ብቻ ቢከፈል ኖሮ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ቀላል ዕቃ የሌሎችን ቦታ ወስዶ ጥቂት ብቻ ይከፍል ነበር። በመሆኑም አጓጓዦች ሁለቱን መለኪያዎች አነጻጽረው ከፍተኛ በሆነው ያስከፍላሉ። ይህ ከፍተኛ ቁጥር «የሚከፈልበት ክብደት» ይባላል።

የይዘት ክብደት እንዴት ይሰላል?

የእሽጉ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተለክተው እርስ በርስ ይባዛሉ፤ ውጤቱም ለተወሰነ ቁጥር ይካፈላል። የሚገኘው ድርሻ በኪሎ ግራም የሚገለጽ ሲሆን «የይዘት ክብደት» ይባላል። ዓለም አቀፍ የፈጣን መልእክት ድርጅቶች በብዛት የሚጠቀሙበት አካፋይ 5,000 ነው። በመደበኛ የአየር ጭነት ደግሞ 6,000 የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ስሌት አንድ ሜትር ኩብ ቦታ እንደ 200 ኪሎ ግራም፣ በሁለተኛው እንደ 167 ኪሎ ግራም ገደማ ይቆጠራል። ስለዚህ ያው ካርቶን በሁለት ድርጅቶች ዘንድ ሁለት የተለያዩ ክብደቶች ሊኖሩት ይችላል። የኪሎ ዋጋን ብቻ ማወዳደር በቂ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ አካፋዩ ስንት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በልኬቱ ወቅት ሦስት ነጥቦች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ የሚለካው ከዕቃው ሳይሆን ከእሽጉ ውጫዊ ጫፍ ነው፤ ያበጠ ካርቶን በእብጠቱ ልክ ይታሰባል። ሁለተኛ፣ ክብ ዕቃም እንደ አራት ማዕዘን ሳጥን ይቆጠራል። ሦስተኛ፣ የሚከፈልበት ክብደት ብዙውን ጊዜ ወደሚቀጥለው ግማሽ ኪሎ ግራም ከፍ ይደረጋል። በተጨማሪም ትልልቅ አጓጓዦች እሽጉን በማከፋፈያ ማዕከላቸው እንደገና ስለሚለኩት በላኪው የተሞላው ልኬት ትክክል ካልሆነ የልዩነት ሂሳብ ሊመጣ ይችላል።

የአንድ ሳጥን ሁሉም ጎኖች በእጥፍ ሲያድጉ ይዘቱ የሚያድገው ስምንት እጥፍ ነው። በየጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በ5,000 ሲካፈል የይዘት ክብደቱ 1.6 ኪሎ ግራም ነው፤ በየጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነው ግን 12.8 ኪሎ ግራም ይሆናል።

በተለምዶ የሚላኩ ዕቃዎች ምሳሌ

በሚከተሉት ምሳሌዎች አካፋዩ 5,000 ተደርጎ ተወስዷል።

1. በርበሬና ሽሮ፦ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ 40 በ30 በ25 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ቢታሸግ የይዘት ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም ነው። ትክክለኛው ክብደት ስለሚበልጥ የሚከፈለው ለ10 ኪሎ ግራም ነው። እንዲህ ያለ ጥብቅ ዕቃ ሲላክ ካርቶኑን በጥቂቱ ማሳነስ ዋጋውን አይለውጠውም።

2. ጋቢና ነጠላ፦ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን ልብስ 50 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ላላ ብሎ ቢቀመጥ የይዘት ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ይሆናል። አየሩ ወጥቶለት በጥብቅ ታጥፎ 40 በ30 በ15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ቢገባ ወደ 3.6 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ተጠጋግቶም ለ4 ኪሎ ግራም ይከፈልበታል። ዕቃው ሳይለወጥ የሚከፈልበት ክብደት ወደ አንድ ሦስተኛ ዝቅ ብሏል።

3. መሶብ፦ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን መሶብ 50 በ50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ቢፈልግ የይዘት ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም ነው። መሶብ ተጨፍልቆ አይታጠፍም፤ ክብ በመሆኑም የሳጥኑ ማዕዘኖች ባዶ ይቀራሉ። ይሁን እንጂ ላኪው የከፈለበትን ቦታ ሊጠቀምበት ይችላል። ልብስና ሌሎች ዕቃዎች በመሶቡ ሆድና በማዕዘኖቹ ቢሞሉ አጠቃላይ ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም እስካላለፈ ድረስ በክብደት የሚሰላው የመላኪያ ዋጋ አይጨምርም። ለዚህም ካርቶኑ ክብደቱን መሸከም የሚችል ጠንካራ ሊሆን ይገባል።

4. ጀበና፦ የሸክላ ዕቃ በሁሉም አቅጣጫ መከላከያ ይፈልጋል። ካርቶኑን ለማሳነስ ሲባል መከላከያውን መቀነስ ተሰብሮ እንዲደርስ ሊያደርግ ስለሚችል እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ለተጨማሪ ቦታ የሚወጣው ወጪ ተገቢ ነው።

በፖስታ ሲላክ

ኢትዮጵያ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን፣ በአባል አገሮች መካከል የሚደረገው የፖስታ ልውውጥ በኅብረቱ የመጠንና የክብደት ወሰኖች ይመራል። በፖስታ አገልግሎት ዋጋው በአብዛኛው በትክክለኛው ክብደትና በመዳረሻው አገር ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ መጠን የሚታየው በይበልጥ ተቀባይነት ለማግኘት ወይም ላለማግኘት ነው።

በደብዳቤ ክፍል የሚስተናገዱ ትናንሽ ጥቅሎች እስከ 2 ኪሎ ግራም ሊመዝኑ ይችላሉ፤ የሦስቱ ጎኖች ድምር ከ90 ሴንቲ ሜትር፣ ረጅሙ ጎን ደግሞ ከ60 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚህ የሚበልጡ ዕቃዎች በእሽግ ወይም በፈጣን መልእክት አገልግሎት የሚላኩ ሲሆን፣ የክብደት ጣሪያው እንደ መዳረሻው አገር በብዛት 20 ወይም 30 ኪሎ ግራም ነው። ለትልልቅ እሽጎች ርዝመቱና ዙሪያው በአንድነት ይታያሉ። ዙሪያ ማለት ወርድና ቁመት ተደምረው በሁለት ሲባዙ የሚገኘው ልክ ነው። አንዳንድ አገሮች የርዝመትና የዙሪያ ድምር እስከ 3 ሜትር የሆነውን ሲቀበሉ፣ ሌሎች ከ2 ሜትር በላይ አይቀበሉም።

ከላይ የተጠቀሰው የመሶብ ሳጥን ርዝመትና ዙሪያ ሲደመር 2.60 ሜትር ነው። ስለዚህ 3 ሜትር ወደሚፈቅድ አገር በፖስታ በትክክለኛ ክብደቱ ሊሄድ የሚችልበት ዕድል ሲኖር፣ ወሰኑ 2 ሜትር ወደሆነ አገር ግን አይላክም። ላኪው ሳጥኑን ከማሸጉ በፊት የመዳረሻውን አገር ወሰን በፖስታ ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

በባሕር ሲላክ

የቤት ዕቃን የመሰለ ብዙ ጭነት በባሕር ሲጓጓዝና ኮንቴይነሩ ከሌሎች ላኪዎች ጋር በጋራ ሲሞላ፣ በተለምዶ አንድ ሜትር ኩብ ከአንድ ቶን ጋር እኩል ተቆጥሮ ከሁለቱ በበለጠው ይከፈላል። የቤት ዕቃ ከዚህ መለኪያ አንጻር ቀላል ስለሆነ ዋጋውን የሚወስነው በአብዛኛው የያዘው ቦታ ነው። በመሆኑም ሊፈታ የሚችል ጠረጴዛ ወይም አልጋ ፈትቶ ማሸግ ጠቃሚ ነው። በጅቡቲ ወደብ በኩል ለሚገባ ጭነት ከባሕር ክፍያው በተጨማሪ የወደብና የየብስ ማጓጓዣ ወጪ እንዳለም መታወቅ አለበት።

ከውጭ የሚመጣ እሽግና የጉምሩክ ስሌት

በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ወደ አገር የሚገባ ዕቃ የጉምሩክ ዋጋ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣና የመድን ወጪንም ያካትታል። ለምሳሌ 20,000 ብር ዋጋ ላለው ዕቃ የማጓጓዣ ወጪው 6,000 ብር ቢሆን፣ መድን ሳይጨመር የስሌቱ መነሻ 26,000 ብር ይሆናል። በሰፊ ካርቶን ምክንያት ማጓጓዣው 12,000 ብር ቢደርስ ግን መነሻው ወደ 32,000 ብር ከፍ ይላል። ስለሆነም ቀረጥ ለሚከፈልበት ዕቃ አላስፈላጊ ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንዴ በማጓጓዣ፣ አንዴም በቀረጥና ታክስ። ተቀባዮች ውጭ አገር ለሚገኙ ዘመዶቻቸውና ለሻጮች ይህንኑ አስቀድመው ቢያሳውቁ ይጠቀማሉ።

ላኪዎች ከመላካቸው በፊት ሊፈጽሟቸው የሚገቡ ተግባራት

• ዕቃው በመዳረሻው አገር እንዲገባ የተፈቀደ መሆኑን ማጣራት፤ በተለይም ምግብ ነክ ለሆኑ ዕቃዎች።
• ካርቶኑን ከዕቃው መጠን ጋር በተመጣጠነ ልክ መምረጥ፤ ትርፍ ቁመት ካለ ማዕዘኖቹን ቀዶ ማሳጠር።
• ከታሸገ በኋላ በቤት ውስጥ መመዘን፣ ሦስቱን ጎኖች በሜትር መለካትና የይዘት ክብደቱን ማስላት።
• ከአንድ በላይ ከሆኑ ድርጅቶች ዋጋ ሲጠየቅ ክብደቱንም ልኬቱንም መናገር፤ አካፋዩን፣ የማጠጋጊያ ደንቡንና ተጨማሪ ክፍያዎችን መጠየቅ።
• በጉምሩክ መግለጫ ቅጽ ላይ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛት፣ ክብደትና ዋጋ በትክክል መሙላት።
• ደረሰኙ ላይ የሰፈረውን የሚከፈልበት ክብደት አረጋግጦ መፈረም፤ ልዩነት ከታየ እሽጉ ሳይላክ በፊት በድጋሚ እንዲለካ መጠየቅ።

ክፍያ ከተፈጸመና እሽጉ ከተንቀሳቀሰ በኋላ የካርቶኑን መጠን ማስተካከል አይቻልም። ስለዚህ ተገልጋዮች ልኬቱንና ስሌቱን እሽጉ ከእጃቸው ከመውጣቱ በፊት እንዲያጠናቅቁ ይመከራሉ።