ጉንዳን ከቤት የሚከለከልበት ዘዴ

ክረምት ገብቶ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ማቆር ሲጀምር ጉንዳን ወደ ጓዳ ይገባል። ይህም የሚሆነው በበጋ ጎጆውን የሠራበት አፈር በውኃ ስለሚሞላበት ነው። ውኃ የማይደርስበት ደረቅና ሞቅ ያለ ስፍራ ሲፈልግ ከሁሉ የሚቀርበው የእናንተ ቤት ነው። በዚያም ላይ ማር፣ ስኳር፣ የፈሰሰ ወተትና የእንጀራ ፍርፋሪ ያገኛል።

ብዙ ሰው ይህን ባየ ጊዜ ለነቀዝ የተገዛውን ማላታይን ወይም ከማሳ የተረፈውን የተባይ መድኃኒት አምጥቶ በጓዳው ወለል ላይ ይበትናል። ይህ ሥራ ጉንዳኑን አያጠፋም፤ ቤተ ሰቡን ግን ይጎዳል።

ጉንዳኑን የማያጠፋበት ምክንያት እንዲህ ነው። በግድግዳው ላይ ተሰልፎ የምታዩት ሁሉ ሠራተኛ ነው። እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ከጎጆዋ አትወጣም፤ ስለዚህ ሠራተኛውን ብትገድሉ ሌላ ትተካለች። ሰልፉም ያለ ምክንያት የሚሠራ አይደለም። ምግብ ፈላጊ የሆነች አንዲት ጉንዳን ጣፋጭ ነገር ባገኘች ጊዜ፣ ስትመለስ ሆዷን መሬት እያስነካች ሽታ ትጥላለች። ሌሎቹ ያንን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ፤ እነሱም ሲመለሱ ስለሚጨምሩበት መንገዱ እየጠነከረ ይሄዳል። ምግቡ ካለቀ ግን ሽታ የሚጨምር አይኖርምና መንገዱ ይጠፋል።

እንግዲህ ሰልፉን ባያችሁ ጊዜ ወዲያው አትጥረጉት። ተከትላችሁ በየት በኩል እንደሚገባ እዩ። በጭቃ ቤት መግቢያው ብዙውን ጊዜ ምርጊቱ ከማገሩ የለቀቀበት ስንጥቅ፣ ወይም ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበት ስፍራ ነው። ስንጥቁን ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ድፈኑት፤ ሲደርቅም በእበት ለቅልቁት። ከዚያ በኋላ የሄደበትን መንገድ በሳሙና ውኃ እጠቡት፤ ሽታውን ያጠፋዋል።

በእኛ አገር አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ እርሱም ድርቆሽ ነው። ሱሉልታ የወተትና የድርቆሽ አገር እንደ መሆኑ መጠን ክምሩን ከግድግዳ አስጠግቶ ማቆም ይታያል። ከክምሩ ሥር ያለው መሬት ደረቅና ሙቅ ስለ ሆነ ጉንዳን ይሰፍርበታል፤ ክምሩም ወደ ግድግዳው መሸጋገሪያ ድልድይ ይሆነዋል። ድርቆሹን፣ ማገዶውንና ኩበቱን ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር አርቃችሁ ከርብራብ ላይ ከምሩት። በእኔ አስተያየት ይህ ብቻውን ከአንድ ጠርሙስ መድኃኒት ይበልጣል።

ማርና ስኳር ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይቀመጥ። ለወተቱና ለሊጡ ግን ክዳን ብቻ አይበቃም። ዕቃው የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ ከግድግዳ አንድ ክንድ አርቁት፤ አራት እግሮቹን በአራት ባዶ ጣሳ ውስጥ አቁሙና ውኃ ጨምሩበት። ጥቂት ሳሙና ቢገባበት ጉንዳኑ ይሰጥማል እንጂ ሊንሳፈፍ አይችልም። ውኃውን በየሳምንቱ ለውጡት። አንዲት ገለባ ወይም የጠረጴዛ ልብስ ጫፍ ጣሳው ላይ ብትወድቅ ልፋታችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለንብ ቀፎ መቆሚያም ይኸው ዘዴ ያገለግላል፤ በዚያ ግን በውኃው ፋንታ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይደረጋል። አመድም ይረዳል፤ ነገር ግን ደረቅ ሆኖ ሳለ ብቻ ነው። ከደጅ የተበተነ አመድ አንድ ዝናብ አይችልም።

በሠራዊት የሚጓዘውና ክፉኛ የሚነክሰው ጉንዳን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ሥጋ በል ስለ ሆነ ስኳር ብትሸሽጉበት አይመለስም። በመጣ ጊዜ ሕፃኑን ከመኝታው አንሡ፤ የታሰረውን ጥጃ ፍቱ፤ ጫጩቶቹንም ከቆጥ አውጡ። በረሮውንና ሌላውን ተባይ እየለቀመ አልፎ ይሄዳል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንመለስ። ማላታይን የነፍሳትን ነርቭ የሚያውክ መርዝ ነው፤ በሰውም ላይ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከሁሉ በፊት የሚጎዳው በወለሉ ላይ የሚድኸውና እጁን ወደ አፉ የሚወስደው ሕፃን ነው። ዲዲቲ ደግሞ በሰውና በከብት ስብ ውስጥ ተከማችቶ በወተት ይወጣል፤ በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ከእርሻ ሥራ እንዲወጣ ተወስኗል። ወተቱን ለአዲስ አበባ የሚሸጥ ገበሬ ይህን ማወቅ ይገባዋል።

መድኃኒት የነካው ሰው ቢያልበው፣ ምራቁ ቢዝረበረብ፣ የዓይኑ ብሌን ቢጠብ ወይም መተንፈስ ቢያቅተው ልብሱን አውልቁ፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ፤ በግድ አታስታውኩት፤ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዛችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የልማት ሠራተኞችም በየቤቱ ስትዞሩ መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ከምግብና ከወተት ዕቃ ተለይቶ፣ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ተቆልፎበት ይቀመጥ። ባዶ ዕቃውም ታጥቦ ለወተት ወይም ለውኃ መቅጃ አይሁን፤ ለጠረጴዛው እግር የሚሆነውም ጣሳ የቲማቲም ወይም የዱቄት ወተት ጣሳ ይሁን እንጂ የመድኃኒት አይሁን።