«ሚዛን» በፓርኪንሰን ሕመም የልምምድ ጽሑፎች ውስጥ

«ሚዛን» ብቻውን ሲጠራ በመጀመሪያ የሚታወሰን የነጋዴው መመዘኛ ነው። ሆኖም «ሚዛኑን ስቶ ወደቀ» ቢባል የሚደናገር አማርኛ ተናጋሪ የለም። እንግዲህ ቃሉ ጥራት የሚያገኘው ከግሥ ጋር ሲጣመር ስለሆነ፣ «የሚዛን ሥልጠና» ከማለት «ሚዛንን የመጠበቅ ልምምድ» ማለትን እንመርጣለን።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ድርሰት ሕመሙን በመንቀጥቀጡ ሰየመው። በሽተኛውን ለመውደቅ የሚዳርገው ግን ከመንቀጥቀጡ ይልቅ፣ ሰውነቱ ሲናጋ ፈጥኖ ራሱን ማቃናት አለመቻሉ ነው። ለሰውነት መገተርና ለእንቅስቃሴ መዘግየት የሚረዳው ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት እንኳ ይህን ጉድለት ያን ያህል አያርመውም። የልምምድ አስፈላጊነትም ከዚህ ይመነጫል።

እዚህ ላይ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦች መለየት አለባቸው። በሽተኛው ቆሞ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር ሚዛኑን ይጠብቃል። ሐኪሙ ከኋላው ሆኖ ትከሻውን በድንገት ሲስበውና ስንት እርምጃ እንዳፈገፈገ ሲቆጥር ግን የሚፈተነው ሌላ ችሎታ ነው፤ ይኸውም ሚዛንን መመለስ። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠቀለለ ተርጓሚ፣ ቀጥ ብሎ መቆም የቻለ በሽተኛ ከመውደቅ የዳነ እንዲመስል ያደርጋል።

በ2012 (እ.ኤ.አ.) በ195 በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ታወቀ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ24 ሳምንታት ታይ ቺ የተለማመዱት፣ ጡንቻ ከሚያጠነክሩትም ሆነ ሰውነት ከሚያፍታቱት ይልቅ ሳይወድቁ ርቀው መዘንበል ቻሉ። ይህን ርቀት «የመዘንበል ወሰን» ብንለው ይስማማል።

«እንቅስቃሴ» የሚለውን ቃል ለልምምድ ማዋል ግን አደገኛ ነው። «እንቅስቃሴው ሲበዛ ይረፉ» የሚል መመሪያ ያነበበ በሽተኛ የበዛው ልምምዱ ይሁን መንቀጥቀጡ በምን ይለያል? ለሰውነት አያያዝም «አቋቋም» ማለት ቢያምርም፣ ቃሉን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ለሚፈጽሙት ሥርዓት ቀድመው ይዘውታል፤ «የሰውነት አቋም» ይበቃል።

የበሽተኛው እግር ከወለሉ ጋር የተጣበቀ መስሎ በድንገት ሲቆም የእንግሊዝኛው ስያሜ ከበረዶ ተወስዷል። በረዶውን ወደ አማርኛ ማምጣት አያሻም፤ «የእርምጃ መገታት» ግልጽ ነው። ወለል ላይ የተሰመሩ መሥመሮችን ተሻግሮ መራመድ ወይም በእኩል ልክ የሚመታ ድምፅን ተከትሎ መርገጥ የተገታውን እርምጃ ሊያስለቅቅ ስለሚችል፣ መሥመሩንና ምቱን አንድ ላይ «የእርምጃ ቀስቃሽ» ማለት ይቻላል።